ሰው ሳይሞት ሐይቅ የሄድን ቀን

ይህን የሚያነብ ሰው አስቀድሞ አፉ ይበለኝ፣ ይቅር ይበለኝ። እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ እሱንም ሁለተኛውን መጽሐፍ ሳልጨርስ ተዳርኩ። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር የቅሬ መዝገብ ላይ ስሜን ነው። የእቴ ሰዒዳ ልጅ ፋኢዛ ይህን ደብተር ገዝታ አመጣችና "እናቴን ካንቺ በላይ የሚያውቃት የለም፤ እንደምታወሪው አድርገሽ ጻፊው" አለችኝ። እኔ ደግሞ ማውራቱንም አልችል። ሰው ሦስት ሆኖ ካየኝ ምላሴ ይታሰራል። ደብተሩ ሁለት ወር ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። ዘይቱና ጻፈች ብሎ የሚስቅ ካለ ይሳቅ፣ አልቀየምም። ስለ እቴ ሰዒዳ ነውና እንደምንም እሞክራለሁ።

እቴ ሰዒዳ የተወለደችው ሾንኬ ነው፣ ተራራው ላይ፣ ቤቱ ሁሉ ድንጋይ በድንጋይ ተደጋግፎ ከቆመበት። አርጎባ ናት። ለከሚሴ ሰው ተድራ ወረደችና እዚሁ ቀረች። አማርኛውን ጀምራ በኦሮምኛ ትጨርሰዋለች፣ ኦሮምኛውንም እንዲሁ። ሥራዋ ቅመም ነበር፤ እርድ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዝንጅብል። ሮብ ጨፋ ሮቢት፣ ሐሙስ ከሚሴ፣ እሁድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ዞረች። ፋኢዛን እንኳ የወለደቻት ማክሰኞ ነው፤ ገበያ የሌለበትን ቀን ጠብቃ ነው እያሉ ሰዎች ይቀልዱባታል።

ጉልበቷ ሲታመም ንግዱን ለፋኢዛ ሰጠች። እኔ ጎረቤቷ ነኝ፣ ግድግዳችን አንድ ነው። እንግዲህ አርፋ ትቀመጣለች ብለን ስናስብ አንድ ቀን ግድግዳውን አንኳኳች። ስትጠራኝ እንደዚያ ነው። ነገ ሰንበቴ እንሂድ አለችኝ። ነገ እኮ ማክሰኞ ነው አልኳት።

"ማክሰኞ ስለሆነ ነው የምንሄደው" አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠላሳ ዓመት ሰንበቴን አውቃለሁ ስትል ኖራለች፤ የምታውቀው ግን ገበያውን ነው። ገበያው ሲበተን ከተማው ምን እንደሚመስል አይታ አታውቅም። ሰንበቴም፣ ባቲም፣ ሁሉም። ሌሊት በጭነት መኪና ገብታ፣ ቀን ስትመዝን ውላ፣ ማታ በጭነት መኪና ትመለሳለች። ጭነት ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ነፋሱንና አቧራውን ሲሸሽ ፊቱን ወደ ኋላ ነው የሚያደርገው። "አገሩን ሁሉ ካለፍኩት በኋላ ነው ያየሁት" ትላለች።

ሄድን። ሾፌሩ ምን ልትሸጡ ነው አለን። ምንም። ምን ልትገዙ ነው? ምንም። እኔ በሀፍረት ሻርፔን ፊቴ ላይ ጎተትኩ። ሰንበቴ ስንደርስ እሁድ እሁድ ግመል የሚታሰርበት ሜዳ ባዶውን ተኝቷል፤ ሁለት ፍየልና አንድ ውሻ ብቻ ናቸው ያሉት። እቴ ሰዒዳ ቅመሟን የምትዘረጋበትን ቦታ ፈልጋ አገኘችና ቆመች። ከዚያ ዞር አለች።

"ከኋላዬ ዛፍ ነበር እንዴ?" አለች።

ትልቅ ዋርካ ነው። ሠላሳ ዓመት ጀርባዋን ሰጥታው ነው የኖረችው። ያን ቀን እስከ ዙሁር ሶላት ሥሩ ተቀምጠን ይዘነው የሄድነውን ቂጣ በላን፣ ከአንድ ቤት ውሃ ለምነን ጠጣን፣ ተመለስን። ሌላ ምንም አላደረግንም። እኔ ግን ማታ ስተኛ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ጨፋም ሄድን። እዚያ ደግሞ ውሃው ሜዳው ላይ ተኝቶ ወፉ ነጭ በነጭ ሆኖበት፣ የአፋር ከብት ለሳር መጥቶ መሐል ገብቶ ቆሞ አየን። ቦርከና ዳር ፍል ውሃውም ሄድን። መጀመሪያ ሁለታችን ነበርን፣ ከዚያ ኡሚ መጣች። ኡሚ ልብስ ሰፊ ናት፣ አፏ ከመቀሷ ይፈጥናል። እሷ ከመጣች በኋላ ሌሎቹም እየተከተሉ አሥራ አራት ሴቶች ሆንን፣ ሁላችንም የአንድ ቅሬ ሰዎች።

እኛ አገር ሰው ያለ ጉዳይ መንገድ አይወጣም። ገበያ፣ ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ዚያራ፣ ሐኪም ቤት፣ ይኸው ነው። ለማየት ብሎ የሚሄድ ሰው የለም። ሽርሽር የሚባለው ቃል ራሱ የተማሪ ነው፤ ልጅ ያገባች ሴት ሽርሽር ሄድኩ ስትል ያስቃል። እቴ ሰዒዳ ግን ወዴት ነው ሲሏት ደረቷን ነፍታ "ለማየት" ትላለች። እኔ ስጠየቅ ዘመድ ጥየቃ እላለሁ። ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፣ አላህ ይማረኝ።

ችግር የመጣው በፍል ውሃው ቀን ነው። እኛ እዚያ እግራችንን ስንዘፈዝፍ ከሚሴ ውስጥ የአንድ አባላችን እናት ሞተች። ቅሬ ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍር፣ ሬሳ የሚያነሳ፣ ኀዘንተኛውን ሦስት ቀን የሚያበላ ማኅበር ነው። ያን ቀን ውሃ የሚቀዳና ድስት የሚጥድ ሴት ጎደለ። የቅሬው ዳኛ አያ ሙኽታር ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ከአፉ የወጣ ቃል አይመለስም። በስብሰባው ላይ ተነስቶ፣ በሰዒዳ ዙረት ምክንያት ቅሬው ሁለተኛ ከተቸገረ ስሟ ከመዝገብ ይሰረዛል አለ። ማንም አልተከራከረም። ከቅሬ የተሰረዘ ሰው ሲሞት የሚቀብረው የለም፤ በሕይወት እያለም ደጁን የሚረግጥ የለም። እቴ ሰዒዳ ቤቷ ገብታ ስድስት ሳምንት ያህል ግድግዳዬን አላንኳኳችም።

ከዚያ አንኳኳች። ዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር መግቢያ ላይ ይመስለኛል። አንድ የቀረኝ ቦታ አለ፣ እሱን አይቼ እቀመጣለሁ አለችኝ። ሐይቅ ነው። አክስቷ አዴ ረቢአ ሐይቅ ነው የተዳሩት። እቴ ሰዒዳ ልጅ ሳለች ሾንኬ ሲመጡ፣ እኛ ዘንድ ውሃ ተኝቶ ይውላል፣ ማንም አይጨርሰው ይሏት ነበር። ሾንኬ ውሃ የሚቀዳው ከሥር ከገደሉ ነው፤ እንስራ ተሸክማ የምትወጣ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ታምናለች? ካደገች በኋላ ሐይቅ ሁለት ጊዜ ሄዳለች፣ ሁለቱንም ለለቅሶ። ለለቅሶ የሄደ ሰው ውሃ ልይ አይልም። አልቅሳ ተመለሰች።

በዚህ ጊዜ ጠንቀቅ አለች። ሰው ቢሞት ቅሬው እንዳይጎድል አምስት ሴቶች ይቅሩ፣ ዘጠኛችን እንሂድ አለች። አምስቱም እሺ አሉ፣ በሌላ ጊዜ ተራቸው ሊሆን። ለእኔ ደግሞ አንድ ነገር አዘዘችኝ። አያ ሙኽታር ከእሷ ጋር ስለማይነጋገር እኔ ሄጄ፣ ማክሰኞ ሐይቅ ለማየት እንሄዳለን፣ እነ እገሌ ለቅሬው ይቀራሉ ብዬ እንድነግረው።

ቅዳሜ ደጁ ድረስ ሄድኩ፤ እንግዳ ነበረበት፣ ተመለስኩ። እሁድ ከመስጂድ ሲወጣ አየሁት፤ ከሰው ጋር ነበር። ሰኞ ብቻውን አገኘሁት። ሰላምታ ሰጠሁትና የቤተሰቡን፣ የበጉን ሳይቀር ጤና ጠይቄው አለፍኩ። ለእቴ ሰዒዳ ግን "ነገርኩት" አልኳት።

ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ ተገኘን። ሚኒባሱ ውስጥ ስምንቱ ገብተዋል፣ እኔ የመጨረሻውን ድስት ይዤ ውጭ ነኝ። ሁለት የተጠቀለለ ሰሌን፣ ሦስት ድስት፣ አንድ ትልቅ ሌማት አለን። እኔ ደግሞ ከፈጅር ሶላት በፊት ተነስቼ ሽንኩርት ስከትፍ ስለነበር ዓይኔ ቀልቷል። አያ ሙኽታር ከመስጂድ መጣና አጠገቤ ቆመ።

"አካም ቡልቴ ዘይቱና፣ እንዴት አደርሽ፣ ወዴት ነው?"

"ሐይቅ" አልኩ።

"ምነው፣ በደህና?"

ቃሉን ሦስት ቀን ስለማመደው ሰንብቻለሁ። ለማየት ነው፣ ለማየት ነው። አፌ እምቢ አለ። መሬት መሬት አየሁ። ዓይኔን አየ፣ ድስቱን አየ፣ ሰሌኑን አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገና "አዴ ረቢአ ናቸው?" አለ።

ዝም አልኩ። እኛ ዘንድ መርዶ የያዘ ሰው ሲጠየቅ ዝም ነው የሚለው፤ እኔ ያን ጊዜ አላሰብኩትም። "ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂኡን" አለ። በዚህ መካከል ከሚኒባሱ ውስጥ የእቴ ሰዒዳ ሳቅ ተሰማ፣ ኡሚ የሆነ ነገር ብላት። ይኼኔ እንኳ ነቃ ይላል ብዬ ነበር። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ።

"አልነገራችኋትም ማለት ነው። ደግ አደረጋችሁ፣ እዚያው ትስማ። እኛም እንደርሳለን" ብሎኝ ሄደ።

እውነትም መርዶ በመንገድ አይነገርም። ኀዘንተኛን የሚያደርስ ሰው እያሳቀ እያጫወተ ነው የሚወስደው። እኛ እየሳቅን መሄዳችን ራሱ ማስረጃ ሆነ።

እንግዲህ ልናገር ብዬ ገባሁ። ሚኒባሱ ተነሳ። ኡሚ ከፊት ወንበር ሆና ልጆቿን ለባሏ ትታ መምጣቷን ታወራለች፤ ስመለስ ወይ ልጆቹን ወይ እሱን አገኛለሁ ትላለች። ሰው ይስቃል። ሀርቡ ስንደርስ "እቴ ሰዒዳ" አልኩ። "አቤት" አለች። ምንም አልኩ። ኮምቦልቻ ላይ እንደገና ጠራኋት፣ እንደገና ምንም። ደሴን በመስኮት ስታሳየኝ፣ ከተማው ተራራው ላይ እንደ ልብስ ተሰጥቷል ስትል፣ ያየሁት አንድ ነገር የለም። ነገር ሳይናገሩት ሲቆይ ይከብዳል፤ በየኪሎ ሜትሩ ይጨምራል። ያኔ ሞባይል ከሚሴ አልገባም፣ ወደ ኋላ የምልክበት መንገድ የለም።

ሐይቅ ከተማውን አልፈን ወደ ውሃው ስንወርድ አራት ሰዓት ሆኗል። እቴ ሰዒዳ ከመኪናው ስትወርድ ማንም እንዳይደግፋት ከለከለች። ዳር ድረስ ሄደች። ውሃው ሰማያዊ አይደለም፣ አረንጓዴም አይደለም፣ ሁለቱም ነው። ታንኳ ይቀዝፉበታል። ወዲያ ማዶ ተራራው ተገልብጦ ውስጡ ይታያል።

"አዴ ረቢአ እውነታቸውን ነበር" አለች። "ይኼን ያህል ውሃ፣ አንድ እንስራ ሳይጠጋው።"

ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ልጅ የዳረች ሴት ሁሉ እንደ ዳክዬ ውሃ ስትረጭ የሐይቅ ሰው ቆሞ ያያል። ዳር ላይ ዓሣ የሚጠብሱ ነበሩና አዘዝን። ኡሚ ጠጋ ብላ ይኼን ማን አረደው አለች፤ ዓሣ አይታረድም፣ ለሁሉም ሐላል ነው ሲሏት፣ ታዲያ እኔም ከዓሣ ጋር ብፈጠር ኖሮ ከባሌ ቢላ እድን ነበር አለች። ባሏ ሥጋ ሻጭ ነው።

እኔ መንገድ መንገዱን አያለሁ። እቴ ሰዒዳ ውሃው ጉልበቷ ድረስ እንደደረሰ አጠገቧ ሄጄ ቆምኩና ነገርኳት። ከቅዳሜው ጀምሬ ሁሉንም፣ ዓይኔን ውሃው ላይ ተክዬ። እሷን ማየት አልቻልኩም።

"አክስቴን ገደልሻት?" አለች።

አዎ አልኩ።

"ቅሬው ይመጣል?"

"እንደርሳለን ብሏል።"

ሳቋ ሁሉ ጠፋ። "እንግዲህ ስሜን ሰረዙት" አለች። አልተቆጣችኝም፣ ብትቆጣኝ ይሻል ነበር። ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች፣ መንገዱን አየች። ከዚያ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጠች።

"ስለዚህ ሳይመጡ ልይ" አለችና ወደ ውስጥ ሁለት እርምጃ ጨመረች።

ቅሬውን የጫነው አይሱዙ የመጣው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ከላይ ሠላሳ የሚሆን ወንድ ቆሞበታል፣ ሁሉም አቧራ ለብሷል። ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ከሸምሱ ጎን አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። አዴ ረቢአ ናቸው።

ቤታቸው ምን እንደተደረገ በኋላ ያጫወተን ሸምሱ ነው። ቅሬው በልማዱ መጀመሪያ ወደ ለቅሶ ቤት ነው የሄደው። አዴ ረቢአ ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ከመኪናው በዚህ በኩል የወረዱት አይተዋቸው ክው ብለው ቀሩ። በወዲያ በኩል የወረደው ሙሀመድኑር ግን አላያቸውም፤ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ "ወይኔ አዴ ረቢአ፣ ደጓ" እያለ ዞሮ መጣና ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። እሳቸው ከምስሩ ቀና ብለው፣ "በል እንጂ ጨርሰው፣ ደግ ነገር ጀምረህ ነበር" አሉት። ዘጠኝ ሴቶች ውሃው ዳር እንዳሉ የሰፈሩ ሰው ነገራቸውና እሳቸውንም ጭነው ወረዱ። ሙሀመድኑር ያን ቀን ለወሬ ሁለተኛ አፉን አልከፈተም።

አያ ሙኽታር መጨረሻ ላይ ወረደ። ፊቱ ጠቁሯል። እኛ እግራችን እርጥብ፣ ቀሚሳችን እስከ ጉልበት የተሰበሰበ፣ ፊታችን በዓሣ ዘይት ያበራል። ማንም ሰላም አላለም። እዚያው ዳር ባለ ዛፍ ሥር ቅሬው ይቀመጥ አለ። ወንዶቹ በዚህ፣ እኛ በዚያ ተቀመጥን። አዴ ረቢአን የመኪናውን ጎማ ማስደገፊያ ጉቶ አምጥተው አስቀመጧቸው።

"ቅሬውን ማን ጠራው?" አለ አያ ሙኽታር።

እቴ ሰዒዳ ተነሳች። "መንገዱን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ በኔ አድርገው" አለች።

ሠላሳ ወንድ ተቀምጧል፣ የሐይቅ ሰው ደግሞ ከጀርባ ቆሟል። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ቆሜ ነው ራሴን ያገኘሁት።

"እሷ አይደለችም" አልኩ። ድምፄ አልወጣም መሰለኝ፣ አያ ሙኽታር ጮክ በይ አለኝ። "እሷ እንድነግርህ ልካኝ ነበር። አምስት ሴቶች ለቅሬው ተራ ይዘው እንደቀሩም ንገሪው ብላኝ ነበር። ሦስት ቀን አፈርኩ። መናኸሪያ ስትጠይቀኝም ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። የሞተ የለም፣ ለማየት ነው የመጣነው።"

ይኸው ነው ያልኩት። ለሌላው ሰው ትንሽ ነገር ይመስለዋል፤ እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ብዙ ተናግሬ አላውቅም። ተቀመጥኩ፣ ኡሚ እጄን ያዘችኝ።

አያ ሙኽታር ወንዶቹን ዞሮ አየ። ከዚያ፣ ሠላሳ ሰው ሥራ ፈትቷል፣ ሴቶቹ ሥራቸውን ጥለው ዳቦ ደፍተዋል፣ መኪና ተለምኗል፣ በሐሰት ቅሬ ተጠርቷል፣ ይህ ነገር በዝምታ አይታለፍም አለ። ቃሉ ቃል ነው፣ በሰዒዳ ዙረት ቅሬው ከተቸገረ ብሎ ነበር፣ ይኸው ተቸገረ። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። እቴ ሰዒዳ መሬቱን በጣቷ ትጭራለች።

አዴ ረቢአ በበትራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ።

"ሙኽታር" አሉ። "የሞትኩት ማን ነኝ?"

"እርስዎ ኖት፣ አዴ።"

"ለቅሶው የማን ነው?"

"የእርስዎ ነው።"

"እንግዲያው የተበደልኩ እኔ ነኝ። እኔ አፉ ብያለሁ። ሟች አፉ ካለ ቀባሪ ምን ቆርጦት ይቆጣል?"

ሳቅ ያመለጠው የመጀመሪያው ሰው ሸምሱ ነው፣ ከዚያ ሁሉም። አያ ሙኽታር አልሳቀም። አዴ ረቢአ ሳቁን አስቁመው ሌላም ጨመሩ፤ እኔ በእውነት ስሞት ከሚሴ ስንት ሰው እንደሚመጣልኝ አላውቅም ነበር፣ ዛሬ ቆጥሬ አየሁ፣ ይኼን ያሳየችኝ የወንድሜ ልጅ ናት፣ እሷን ከሰረዛችሁ ግን ለኔም አትምጡ አሉ። ይኼን ሲሉ አልቀለዱም።

አያ ሙኽታር ከሽማግሌዎቹ ጋር ዞር ብሎ ተነጋገረ። ተመልሶ ፍርዱን ሲናገር ወደ እቴ ሰዒዳ ሳያይ ነው። የሰዒዳ ስም ባለበት ይቆያል፤ እሷ መልእክት ልካለች፣ ተራም አስይዛለች። ዘይቱና መልእክቱን ስላስቀረች በሚቀጥሉት ሦስት ለቅሶዎች ውሃውን ብቻዋን ትቀዳለች። ከእንግዲህ ለማየት የሚሄድ ሰው ከመሄዱ በፊት ለማየት ነው ብሎ በአፉ ይናገራል፣ ማንም አያፍርም። እኔ ሦስት ለቅሶ ሲል በሆዴ አልሀምዱሊላህ አልኩ፤ አሥር ቢልም እቀዳ ነበር።

ዳቦው ቀረ። ሦስት ትልልቅ ዳቦ ነው፣ ለለቅሶ የተደፋ። የለቅሶ ዳቦ ወደ መጣበት አይመለስም፣ ገድ የለውም። ለኔ የመጣ ነው ብለው አዴ ረቢአ ራሳቸው ቢስሚላህ ብለው ቆረሱት። ከድስታችን ወጥ ወጣ፣ ዓሣም ተጨመረ፤ ሠላሳ የተራበ ወንድ እንዴት እንደሚበላ ያየ ያውቀዋል። ሙሀመድኑር ዓሣውን ከነአጥንቱ ሊውጠው ሲል ኡሚ፣ አሁን የምር ለቅሶ ታመጣብናለህ ብላ ቀማችው።

ለሶላት ከሐይቁ ውዱእ አደረጉ። ሌሎቹ ጨርሰው ሲቆሙ አያ ሙኽታር ገና ውሃው ውስጥ ነበር። ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ወዲያ ማዶ እያየ። እግር የሚታጠበው ሦስት ጊዜ ነው፤ እሱ ስንት ጊዜ እንዳጠበው አልቆጠርኩም። ሲወጣ እቴ ሰዒዳ አጠገብ አለፈ። "ጥልቅ ነው?" አላት። "መሐሉን ጠይቅ፣ እኔ ዳሩን ነው የማውቀው" አለችው። ከስድስት ሳምንት በኋላ የተነጋገሩት ይኸው ነው።

ስንመለስ እነሱ በአይሱዙ ከፊት፣ እኛ በሚኒባስ ከኋላ ሆነን ነው። ከሚሴ ስንገባ ገና ጨርሶ አልመሸም። ፋኢዛ ደጅ ቆማ ጠበቀችን፣ ዓይኗ አብጧል። ወሬ መንገድ ላይ ሲሄድ ያድጋል፤ ከሚሴ ላይ አዴ ረቢአ ሞቱ የተባለው ጨፋ ሮቢት ሲደርስ ቅመም ነጋዴዋ ሰዒዳ ሞተች ሆኗል። ፋኢዛ እናቷ በሕይወት እንዳለች ብታውቅም፣ ከሰዓት ጀምሮ ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ አይደለም ስትል እሷም መጠራጠር ጀምራ ነበር። ነገ ደግሞ ሮብ ነው፣ የጨፋ ሮቢት ገበያ።

በማግሥቱ እቴ ሰዒዳ ፈጅርን ሰግዳ ግድግዳዬን አንኳኳች። ከፋኢዛ ጋር በመጀመሪያው መኪና ጨፋ ሮቢት ሄድን። ፋኢዛ ከቅመም ጆንያዋ ጋር ስትወርድ አንዲት ቅቤ ሻጭ አይታት "ኡፍ፣ ልጄ" ብላ ማልቀስ ጀመረች፤ ከኋላዋ እቴ ሰዒዳ ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ወረደች። ሴትየዋ ቅቤዋን ለቀቀችው። እቴ ሰዒዳ ቅቤውን አነሳችላት፣ እጇን ሰጠቻት፣ "እጄን ያዢው፣ ይሞቃል" አለቻት። ከዚያ ከእህል ተራ ጀምራ፣ በቅቤ ተራ፣ በጨው ተራ፣ በፍየል ተራ፣ አንድ ሰው ሳትዘል፣ እስከ ዙሁር ድረስ ገበያውን ሁሉ እየጨበጠች ዞረች።